ከቦዬ ውኃ በታች

ከጅማ ከተማ መሃል የሚያልፈው አዌቱ ባሕር አይደርስም። ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርድና ከግልገል ጊቤ ጋር ይቀላቀላል፤ ግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና ደግሞ መውጫ የለውም። በእኛ ጣሪያ ላይ የዘነበው ዝናብ ፀሐይ በመንገድ ካላስቀረችው በቀር ጉዞውን የሚጨርሰው በረሃ መሃል በተኛ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ባሕር ዳርቻ ልጽፍ ስለሆነ ነው። ባሕር በማይደርስ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ስለ ባሕር ሣር መጻፉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ስለ ገዛ ከተማዬ አጥብቄ እንዳስብ ካደረጉኝ ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች፣ ቼሳፒክ የሚባል ሰፊ ባሕረ ሰላጤ አለ። ብዙ ወንዞች ከውቅያኖሱ ጨዋማ ውኃ ጋር የሚገናኙበት ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ውኃው ሲጠራ ብርሃን በዳርቻው ወለል ላይ ያርፋል፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ደግሞ ሣር ይበቅላል። በበጋ ወራት፣ የባሕሩ ውኃ በሚጎድልበት ሰዓት፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው ካያክ በምትባለው ጠባብና ቀላል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ወደ ሣሩ ይቀዝፋል። ደመወዝ የለውም። በእጁ የዕፅዋት መለያ ሥዕል፣ መለኪያ ዘንግና መመዝገቢያ ወረቀት ይዟል። ወደ ታች እያየ ወለሉ ምን ያህል በሣር እንደተሸፈነ ይገምታል፦ ከመቶ አሥር በታች ነው? እስከ አርባ ይደርሳል? ሰባ አልፏል? የትኛው ዝርያ እንደሆነ ይለያል፣ የውኃውን ጥራት ይለካል፣ ቦታውን መዝግቦ ወደሚቀጥለው ይቀዝፋል።

በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ በዋሽንግተን ግዛት ሰሜናዊ ዳርቻዎች፣ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ኬልፕ የተባለውን ግዙፍ የባሕር አልጌ እንዲሁ በካያክ ይዞሩታል። ቅጠሉ በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ የሚታየውን ጫካ ጠርዝ ጠርዙን እየቀዘፉ ቅርጹን በጂፒኤስ ይስሉታል፤ በዓመቱ ይመለሱና እንደገና ይስሉታል።

የታንኳው ነገር ለጌጥ አይደለም። የሞተር ጀልባ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲያልፍ መዘውሩ ሣሩን ከነሥሩ ይቆርጠዋል፤ እንዲህ ያለው ጠባሳ እስኪሽር ዓመታት ይወስዳል። በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ታንኳ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃታል፤ የምትመለከተውን ነገር አትጎዳም፣ ጭቃውንም አታናውጥም። የጣና ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን በባሕር ዳር በኩል ሲሞከር ባይ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

የባሕር ሣር ስል አልጌ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይባል። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠልና አበባ ያለው እውነተኛ ተክል ነው። ቅድመ አያቶቹ በየብስ ላይ የበቀሉ ነበሩ፤ በረጅም ዘመን ወደ ባሕር ተመልሰው በጨው ውኃ ውስጥ መኖርን ተማሩ። በዓለም ላይ ሰባ ገደማ ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚያብቡትም የሚራቡትም ውኃ ውስጥ ነው። የትንንሽ ዓሦች መጠለያ ናቸው፤ በቼሳፒክ ሸርጣኑ ቅርፊቱን ቀይሮ ሰውነቱ ገና ለስላሳ ሳለ የሚደበቀው በእነዚህ ቅጠሎች መካከል ነው። ሥራቸው ደለሉን ይይዛል፣ ቅጠላቸው ማዕበሉን ያበርዳል፣ በዚህም ውኃው ይጠራል። ውኃው በጠራ ቁጥር ብርሃኑ ይጨምራል፣ ብርሃኑ በጨመረ ቁጥር ሣሩ ይሰፋል። መከራውም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ውኃው አንዴ ከደፈረሰ ሣሩ ይሞታል፣ ሣሩ ሲሞት ደለሉን የሚይዝ ይጠፋል፣ ውኃው የባሰ ይደፈርሳል።

በሰኔ 1972 እ.ኤ.አ. አግነስ የተባለው ማዕበል በዚያ አካባቢ ያወረደው ዝናብ እጅግ ብዙ ጭቃና ማዳበሪያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አጠበ። ቀድሞውኑ እየመነመነ የነበረው ሣር በሰፊው ተደመሰሰ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች በየዓመቱ በአውሮፕላን ፎቶግራፍ እያነሱ የሣሩን ስፋት መለካት ያዙ። ከእርሻና ከፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በሕግና በሥራ እየተቀነሰ ሲሄድ ሣሩ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በልኬቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ሺህ ሄክታር አለፈ። ከዚያ የ2018 እና የ2019 ከባድ ዝናብ መጣ፤ በ2019 ስፋቱ ወደ 27 ሺህ ሄክታር ገደማ ወረደ። ይህን ሁሉ ማወቅ የተቻለው በደጉም በክፉውም ዓመት የለካ ሰው ስለነበረ ነው።

አውሮፕላን ካለ ታዲያ የካያክ ቀዛፊዎች ለምን አስፈለጉ? እኔም መጀመሪያ ይህን ጠይቄ ነበር። ከላይ የተነሳ ፎቶግራፍ አረንጓዴ ጥላ ያሳያል እንጂ የትኛው ዝርያ እንደሆነ አይናገርም። ውኃው በደፈረሰበት ቦታ ደግሞ ያንንም አያሳይም። በዳርቻው ጥግ የበቀለችውን ጠባብ ሣር፣ አምና ያልነበረችውን ዘንድሮ የበቀለች አዲስ ዝርያ የሚያየው በላይዋ ቀዝፎ ያለፈ ሰው ነው። ሁለቱ መረጃዎች ሲጋጠሙ ነው ሙሉ ነገር የሚገኘው።

የውኃ ጥራት የሚለካበት መሣሪያ ደግሞ ልብ የሚያሞቅ ታሪክ አለው። በ1865 እ.ኤ.አ. አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት መርከብ ላይ ሆኖ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። መላው ዘዴ ይኸው ነው። ሰሌዳው ሲጠፋ ገመዱን ታነባለህ። ዛሬም፣ ስንት ኤሌክትሮኒክስ ባለበት ዘመን፣ በዓለም ሐይቆችና ባሕሮች ላይ ይህችው ሰሌዳ ትወርዳለች። ለሐይቅ የሚሠራባት ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትና በአራት ተከፍላ ጥቁርና ነጭ የተቀባች ናት።

የእኛን በጅማ ገበያ አካባቢ ያለ ቆርቆሮ ሠሪ ከውኃ በርሜል ክዳን ቆርጦ አወጣልን። መሃሏን በምስማር በሳ፤ ከሥሯ እንድትሰምጥ ከጋራዥ የለመንናቸውን ሦስት ትልልቅ ዳዶዎች አሠርን። ሲባጎውን በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቋጠርነው፣ በየግማሽ ሜትሩ ቀይ ጨርቅ አሠርንበት። ቆርቆሮ ሠሪው ሥራውን ሲጨርስ ዋጋ አልጠየቀንም። «ውኃውን ልትለኩበት ከሆነ የእኔም ይሁን» አለና ሰሌዳዋን ወደ ላይ አንሥቶ ጥቁሩና ነጩ እኩል መከፈሉን በአንድ ዓይኑ አየ።

እኛ ስል ጥቂት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን የባዮሎጂ መምህር ነው፣ አንዷ በጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ሌሎቻችን ውኃ ከመውደድ በቀር ሙያ የለንም። ስም ያለው ማኅበር አይደለንም። ወደ ቦዬ እንሄዳለን፣ እንለካለን፣ እንጽፋለን።

ቦዬ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ረግረግና ኩሬ ነው። ጅማን የሚያውቅ ሁሉ በጉማሬዎቹ ያውቀዋል። እዚህ ላይ የቼሳፒክ ሰዎች የማያውቁት ነገር አለብን፦ እኛ መቅዘፍ አንችልም። ጉማሬ ባለበት ኩሬ ላይ በትንሽ ታንኳ መውጣት ሕይወትን መጣል ነው። ስለዚህ ሥራውን ወደ ዳር አመጣነው። ሰሌዳዋን በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አንጠልጥለን ከዳር ሆነን እናወርዳለን። ለዕፅዋቱ ደግሞ በብዙ የአሜሪካ ሐይቆች የሚሠራበትን የቆየ ዘዴ ወሰድን። አትክልተኞች ቅጠል የሚሰበስቡበትን ባለ ጥርስ ብረት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አስበየድን፣ በገመድ አሠርን፣ ወደ ውኃው ወርውረን ወለሉን እየቧጠጥን እንስባለን። ጥርሱ ባዶውን ከወጣ ዜሮ፣ ጥቂት ከያዘ አንድ፣ ጥርሱን ከሸፈነው ሁለት፣ ሞልቶ ካፈሰሰ ሦስት ብለን እንጽፋለን።

የት እንደምንቆም የሚወስኑልን በዚያ አካባቢ ከብት የሚያሰማሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ሃጂ ነው የምንላቸው።

«ልጆቼ፣ ከዚያ ከፊላው ጥግ ራቁ፤ ግልገል ይዛለች» ይሉናል ከሩቅ በትራቸውን እየጠቆሙ።

«እሺ ሃጂ። በዚህ በኩልስ እንቁም?»

«እዚያ ይሁን። ግን ጀርባችሁን ለውኃው አትስጡ።»

ከዚያ ይጠጉና የሳብነውን ያያሉ። አንድ ጠዋት ከጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ የወጣው እንደ ድመት ጭራ የተንጨፈረረ ጥቁር አረንጓዴ ተክል ነበር። ቅጠሎቹ በግንዱ ዙሪያ በክብ በክብ የተሰደሩ፣ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ፤ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ይሻክራል። ሥር የለውም። ከግንዱ ውስጥ የወጣች ከአተር የማትበልጥ ቀንድ አውጣ በጣቴ ላይ ሄደች። መምህሩ ጓደኛችን በማጉሊያ መነጽር አየውና ሴራቶፊለም ነው አለ። ይህ ተክል ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር አለ፤ በቼሳፒክ ጨው በሌለበት የላይኛው ክፍልም ቀዛፊዎቹ ከሚመዘግቧቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። እዚያ አንዲት ጡረተኛ ከካያኳ ጎንበስ ብላ የምታየው ተክል በእኛ ሲባጎ ተስቦ ሲወጣ የተሰማኝን ደስታ በቃላት ለመግለጽ ይቸግረኛል።

ሃጂ ተክሉን አገላብጠው አዩና «ይኼን አውቀዋለሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ሌላም ነበር፤ ረጅም፣ እንደ ጥብጣብ የሚሳብ። ላሞቹ አንገታቸውን ነክረው ይበሉት ነበር» አሉ። መቼ እንደጠፋ ስንጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም መጥፋቱን ራሱ ያሰቡት አሁን እንደሆነ ነገሩን።

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ዛፍ ሲቆረጥ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ወፍ ሲጠፋ ድምፁ ይናፈቃል። ከውኃ በታች ያለ ሣር ሲያልቅ ግን የውኃው ገጽ ያው ነው፤ ሰማዩን ያሳያል፣ ዳክዬው ይዋኝበታል፣ የሚያልፍ ሰው «ቦዬ ደህና ነው» ይላል። ዕድሜ ልካቸውን በዳሩ የኖሩ አስተዋይ ሰው እንኳ የጥብጣቡን ሣር መሄድ ልብ ያሉት ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው ነው። እኔ አጥፊዎች ናቸው ብዬ የምከሰው የለኝም፤ የሚያሳስበኝ ያለ ምስክር መጥፋቱ ነው። ለዚህ ነው በመዝገባችን ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ቁጥር ዜሮ የሆነው። ብረቱ ባዶውን ሲወጣ ልብ ይሰብራል፤ ወጣቶቹ «ይኼንንም እንጻፈው?» ይላሉ። አዎ፣ ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ ይጻፋል። ዛሬ «የለም» ተብሎ ያልተጻፈበት ቦታ ነገ ሣር ቢበቅልበት መመለሱን ማንም አያውቅም፤ ዛሬ «አለ» ያልተባለውም ቢጠፋ መጥፋቱን ማንም አያውቅም።

የሃጂን ቃል ለብቻው በተዘጋጀ ገጽ ላይ መዝግበነዋል፣ ከልኬቱ ጋር ሳይቀላቀል። የሰው ትዝታና የብረቱ ጥርስ አንድ ዓይነት ማስረጃ አይደሉም። ሁለቱም ግን ያስፈልጋሉ።

ውኃውን ምን እንደሚያደፈርሰው ለመናገር ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። ክረምት ሲገባ አዌቱን ከድልድይ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፤ ቀዩ አፈራችን ነው የሚወርደው። በእነዚያ ሳምንታት ሰሌዳዋ ክንድ ሳትሞላ ትጠፋለች። ይህ ደለል በቦዬ አይቆምም፤ ረግረጉ ያልያዘው ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ደግሞ በዚያው ወንዝ ላይ ነው። ረግረግ ደለል ያጣራል፤ ጡብ ለመሥራት ጭቃው በተቆፈረና ባሕር ዛፍ በተተከለበት ቁጥር ይህ አቅሙ ይቀንሳል። በዙሪያው ወረዳዎች ደግሞ የቡና እጥበት ወቅት አለ። የቀይ ቡና ገለፈትና ልጋግ ስኳር የበዛበት ነው፤ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ረቂቅ ሕዋሳት ሊበሉት ይረባረባሉ፣ የውኃውን ኦክስጅንም ይጨርሱታል። ወቅቱ ዝናቡ አልፎ ወንዙ መጉደል የሚጀምርበት ስለሆነ ጉዳቱ ይከፋል። ቡና የጅማ ኑሮ ነው፤ እኔም የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። ፍሳሹን በጉድጓድ አቆይቶ ማጣራት ግን ይቻላል፣ ቡናውም ምንም አይጎድልበትም።

ወዳጆቼ «ሣር ቆጥሮ ምን ይገኛል?» ይሉኛል፤ በቅንነት ነው የሚጠይቁት። እምቦጭን አስቡ እላለሁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተንሳፋፊ አረም በአገራችን በቆቃና በአዋሽ የታወቀው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በጣና ላይ ግን በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅል እንደከረመ ሁላችንም አይተናል። ከዳር ላይ ያለች አንዲት እምቦጭ በአንድ ሰው እጅ ትነቀላለች። አሥር ሄክታር ሲሆን ለመንግሥትም ይከብዳል። ከላይ ሲሸፍነው ደግሞ ብርሃኑን ከልክሎ ከሥር ያለውን ተክል ሁሉ ይገድላል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፦ ከጎረቤታችን ከቀይ ባሕር የሚነሳ ሃሎፊላ የተባለ የባሕር ሣር በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ተሻግሮ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሪቢያን ግሬናዳ ተገኝቷል። መጀመሪያ የሚያየው በየጊዜው ወደዚያው ቦታ የሚመለስ ሰው ነው። በቦዬ ዳር የምንስበውን ሁሉ የምናገላብጠው ለዚህም ጭምር ነው።

ሐረማያ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ የተነገረው ስለ ውኃውና ስለ ዓሣው ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ ውኃ ሲመለስም እንዲሁ። ከውኃው በታች የነበረውን ተክል የሚያነሳልኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ምን ተመለሰ፣ ምን ቀረ ለማለት የቀድሞውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የቼሳፒክ ሰዎች ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ አስገርሞኛል። ሣሩ ድሮ ምን ያህል እንደነበረ ለማወቅ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፕላን የተነሱ የቆዩ ፎቶግራፎችን አገላበጡ፤ በውኃው ዳርቻ የሚታየውን ጥቁር ጥላ አንድ በአንድ ለኩ። ለመድረስ ሲጥሩበት የቆዩት ግብ፣ 75 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ የተቀመጠው በእነዚያ ምስሎች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ስለዚህ የጅማ ሰዎችን፣ በተለይ ታላላቆቼን፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። በቦዬ ዳር የተነሳችሁት የቆየ ፎቶግራፍ ካለ ፈልጉልን። የሠርግ ቢሆን፣ የትምህርት ቤት ሽርሽር ቢሆን፣ ወታደር ሊሸኝ የተሰበሰበ ቤተሰብ ቢሆን ግድ የለም። እኛ የምናየው ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ውኃ ነው፦ ፊላው እስከ የት እንደነበረ፣ ውኃው ይጠራ እንደሆነ፣ በገጹ ላይ የተንጣለለ ቅጠል ካለ። ፎቶው ከእጃችሁ አይወጣም፤ መጥተን በስልክ እናነሳውና እንመልሳለን። ዓመቱን፣ ካልሆነም የማን ሠርግ እንደነበረ፣ የትኛው ዳር ላይ እንደቆማችሁና ወሩን ከነገራችሁን ይበቃናል።